አልጎርስም ያለው ሽጉጥ

ሽጉጡ ወደ መሣሪያ ክፍሉ የመጣው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ፍርዱን በክር አንጠልጥሎ ነው። ክሩ ላይ የታሰረችው ወረቀት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «በጠባቂው ቸልተኝነት ምክንያት ጥይት ነክሶ አልተኩስ ያለ፤ ተመርምሮ ይረጋገጥ» ትላለች።

ሞረድ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበበችና ደሟ ፈላ። ተመርምሮ ምክንያቱ ይታወቅ አይደለም እኮ የሚለው፤ ተመርምሮ ይረጋገጥ ነው። ሐኪም ዘንድ በሽተኛ ልኮ «ይህ ሰው የታመመው በራሱ ጥፋት ነው፤ እስቲ ይህንኑ ጻፍልን» እንደ ማለት ነው። ፍርዱ ካለቀ ምርመራው ለምን አስፈለገ? ለፊርማ ነው። አለቆቹ የሚፈልጉት ዓይኗን ሳይሆን ፊርማዋን ነው፤ ፊርማዋን መውሰድ ደግሞ ለምደዋል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አትቀንስም ነበር።

ሞረድ ቅጽል ስሟ ነው። በአንድ የጥበቃ ድርጅት ውስጥ የዘበኞችን ሽጉጥና ጠመንጃ ስትጠግን ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። ስሙን ያወጡላት ዘበኞቹ ሲሆኑ፣ ግማሾቹ ከእጇ ስለማይለየው ሞረድ ነው ይላሉ፤ ግማሾቹ ስለ ምላሷ። እሷ ሁለቱንም አትክድም። የምትሠራበት ክፍል ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው። ፀሐይ ስለማይገባው ውጪው ሲነድ እንኳ ሹራብ ለብሳ ነው የምትውለው። በሩ አጠገብ አሸዋ የተሞላ በርሜል አለ፤ ዘበኛ ሁሉ ሽጉጡን ከማስረከቡ በፊት አፈሙዙን ወደ አሸዋው አዙሮ ባዶ መሆኑን ያሳያል። ይህን የረሳ ከምላሷ አያመልጥም።

ወደዚህ ክፍል የገባችው መጥረጊያ ይዛ ነው። የጽዳት ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር የመሣሪያ ጠጋኙ ዓይናቸው እየደከመ የመጣ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ጥፍር የምታክል ሞላ ከጠረጴዛቸው ተፈናጥራ ወደቀች። ሽማግሌው ተንበርክከው ወለሉን ሲዳብሱ አየቻቸውና መጥረጊያዋን ጥላ ሞላዋን ፈልጋ አገኘችላቸው። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ዓይኔ አንቺ ነሽ» አሏት። የምራቸውን ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ የሚያውቁትን ሁሉ አስተማሯት፤ አንዱን ነገር ግን እስኪሰለቻት ድረስ ደጋግመው ነገሯት።

«ሽጉጥ ጥይት አልጎርስም ሲል መጀመሪያ ጥይቱን ጠይቂ፤ ቀጥሎ ራሱን ሽጉጡን ጠይቂ፤ ከዚያ ካርታውን ጠይቂ። ሰውየውን መጨረሻ ላይ። ሰውየውን ካስቀደምሽው ይፈራና ያላደረገውን ያምንልሻል።»

ካርታ የሚሉት ጥይቶቹ ተደራርበው የሚቀመጡበትን፣ በሽጉጡ እጀታ ውስጥ የሚገባውን ጠፍጣፋ የብረት ቤት ነው። ውስጡ ያለው ሞላ ጥይቶቹን ከታች ወደ ላይ እየገፋ አንድ በአንድ ያቀብላል። ሽማግሌው «ከአሥር በሽታ ሰባቱ ካርታው ውስጥ ነው» ይሉ ነበር።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ድርጅቱ በቦታቸው ወንድ ጠጋኝ መፈለግ ጀመረ። ፍለጋው ስድስት ዓመት ፈጀ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራውን የምትሠራው እሷ፣ በወረቀት ግን «የጽዳት ሠራተኛ፣ ተጠባባቂ ጠጋኝ» ነበረች። ተጠባባቂ! ማንን ነበር የምትጠብቀው? የሚመጣ ወንድ ሲጠፋ ነው ቁልፉንም መዝገቡንም በስሟ ያደረጉላት፤ እሱንም ውለታ እንደ ዋሉላት ሁሉ።

አሁን ጠረጴዛዋ ላይ የተኛው ሽጉጥ የመድኃኒት መጋዘኑ ዘበኛ ሽጉጥ ነው። ዘበኛው በጣም አጭር ስለሆነ ጓደኞቹ «ረጅሙ» ይሉታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ላይ ሲቆም አንድም ቀን አላረፈደም፣ አንድም ቀን ሲያንቀላፋ አልተገኘም።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሰዎች በጭነት መኪና መጥተው ዕቃ ልንጭን ነው ብለው ወረቀት አሳዩት። ድርጅቱ አንድ የራሱ ደንብ አለው፦ ዘበኛ ሽጉጡን በወገቡ፣ ካርታውን በደረት ኪሱ ይይዛል፤ ካርታውን ሽጉጡ ውስጥ የሚከተው መኪና በር ላይ ሲቆም ብቻ ነው። ረጅሙም መኪናው ሲቆም ካርታውን ከኪሱ አውጥቶ ከተተ፣ አጎረሰ፣ ከዚያ ወረቀቱን ተቀበለ። ማኅተሙ አላማረውም። «ቆዩ፣ ደውዬ ልጠይቅ» ሲል አንደኛው ከመቀመጫው ሥር የብረት ዘንግ መዘዘ። ረጅሙ ሽጉጡን አወጣና ደንቡ እንደሚያዘው መጀመሪያ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሰዎቹ ደነገጡ፤ አንዱማ ለመሸሽ መኪናው ላይ መውጣት ጀምሮ ነበር። ረጅሙ አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ እግራቸው ሥር ሊተኩስ ቃታውን ሳበ። ቀጭ። ደግሞ ሳበ። ቀጭ። ሰዎቹ ይህን ሲያዩ ተመለሱበት። የቀኝ ትከሻውን ሰበሩት፣ በሩ ሥር ጣሉት፣ መድኃኒቱን ተረጋግተው ጫኑና ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ዘበኞቹን ግቢ ውስጥ አሰለፈ። ምክትሉ ወጣት ነው፤ ጫማው አቧራ አያውቅም። «መሣሪያ ይዞ የማይተኩስ ዘበኛ ወይ ፈሪ ነው፣ ወይ ሽጉጡን የማያጸዳ ሰነፍ ነው፣ ወይ የሌቦቹ ሸሪክ ነው» አለ። አራተኛ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ አላሰበም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዓርብ እንደሚሰበሰብ፣ ረጅሙም እስከዚያ ከሥራ እንደታገደ ነገራቸውና ወደ ጥላው ገባ። ትከሻው ተሰብሮ የተኛ ሰው ከሥራ ታገደ! ታሟል ማለት እንዴት አቃታቸው?

ሞረድ ምርመራውን የጀመረችው ረቡዕ ጠዋት፣ በተማረችው ቅደም ተከተል ነው። ጥይቶቹን አንድ በአንድ እያሽከረከረች አየች፤ የዛገም የተጎዳም የለም። ሽጉጡን ፈታች። ጥይቱ ከካርታው ተነስቶ ወደ አፈሙዙ የሚንሸራተትባት መወጣጫ ንጹሕ ናት፤ ባዶ ቀለሁን ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍርም እንደዚያው። ከአንዲት ተኩስ ጥላሸት በቀር ምንም ቆሻሻ የለበትም። «ሰነፍ ይሉታል እንግዲህ!» አለች። ጠረጴዛቸውን እንዲህ የሚያጸዱ አለቆች አይታ አታውቅም።

የቀረው ካርታው ነው። የካርታዎቹ የታች ክዳን በወረቀት ማኅተም የታሸገ ነው፤ ዘበኞች ሞላውን እየነካኩ ያበላሻሉ በሚል መፍታት በጥብቅ ተከልክለዋል። ማስረጃ የሆነ ካርታ ደግሞ ማኅተሙ የሚቀደደው ኮሚቴው ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ሳትፈታው ባሩድ የሌላቸውን የመለማመጃ ጥይቶች ሞላችበትና የሽጉጡን የላይኛ ብረት እየሳበች ታጎርሰው ጀመር። አንድ። ሁለት። ሦስት። ስምንቱንም ጎረሰ። ደገመች፤ ስምንቱንም ጎረሰ። አምስት ጊዜ ሞላች፤ ከአርባ ጥይት አንዱም አልተደናቀፈም።

ሞረድ በርጩማዋ ላይ ዘፍ አለች። ጥይቱ ደህና፣ ሽጉጡ ደህና፣ ካርታው ደህና። የቀረው ሰውየው ነው። ይህን ብላ ከፈረመች ረጅሙ አለቀለት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከቆመበት በር ፈሪ ወይም ሌባ ተብሎ ይባረራል። ምክትሉ ደግሞ ወረቀቷን እያውለበለበ «አላልኳችሁም?» ይላል። ይህ ሁለተኛው ሲታያት ሹራቧን አውልቃ ወጣች።

ረጅሙን ያገኘችው ቤቱ ደጃፍ፣ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ ተቀምጦ ነው። ሚስቱ ከጓሮ ልብስ ታጥባለች።

«ይማርህ ጋሼ» አለችው።

«እህት ዓለም፣ መጣሽልኝ?» ሊነሳ ሞከረና ትከሻው ጨምድዶ መለሰው። «እውነቱን ንገሪኝ። አየሽው አይደል? ጥፋቱ የእጄ ነው አይደል?»

«ማን አለ?»

«ሳስበው ነዋ። ምናልባት ቃታውን በደንብ አልሳብኩት ይሆናል። እኔ የፈራሁ አልመሰለኝም ነበር፤ ግን ምክትሉ ፈርተሃል አለኝ። የተማረ ሰው ነው፣ ዝም ብሎ አይልም።» ከጨርቁ የወጡትን ጣቶቹን እንደ ባዕድ ዕቃ ተመለከታቸው። «ተንቀጥቅጠውብኝ ይሆናል።»

ሽማግሌው ያሏት ይህንን ነበር። ሰውየውን አስቀድመው ጠየቁት፤ እሱም ፈራና ያላደረገውን አመነላቸው። ሌቦቹ ትከሻውን ሰበሩ፤ ቅስሙን የሰበረው ግን በደመወዝ የሚኖር አለቃ ነው። ከሁለቱ ማን እንደሚብስ ብትጠየቅ ለመመለስ ጊዜ አይፈጅባትም ነበር።

«ጋሼ፣ ስለ እጅህ ልጠይቅህ አልመጣሁም። ስለ ካርታው ነው። ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ የት ነበር?»

«የት ይሆናል፤ ኪሴ ውስጥ ነዋ።»

«አንተስ?»

«ቆርቆሮዋ ውስጥ።» በሩ ላይ ያለችውን ጎጆ ማለቱ ነው፤ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው። «ይሄ ሙቀት ከገባ ሁለት ሳምንቱ አይደል? ምድጃ ሆናለች እኮ። እንቁላል ይዘሽ ብትገቢ ቀቅለሽ ትወጫለሽ።»

ሚስቱ ከጓሮ ሆና ጣልቃ ገባች። «ሙቀቱስ ይሁን! ይሄን ሸሚዝ ምን እንዳስነካብኝ ጠይቂልኝ እስቲ። ብፈትገው ብፈትገው ጥቁሩ አልለቅ አለኝ!» እርጥቡን የሥራ ሸሚዝ ይዛ መጣችና ዘረጋችው። የደረት ኪሱ ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር እድፍ አለ፤ ርዝመቱም ስፋቱም ልክ ካርታውን ያክላል።

ሞረድ ሸሚዙን ተቀብላ አሸተተችው። ከሳሙናው ሥር ሌላ ሽታ አለ፤ የቀለም። የብረት በር የሚቀባበት ቀለም። ይህን ቀለም ታውቀዋለች።

ነገሩ ከሦስት ወር በፊት፣ በብርዱ ጊዜ የሆነ ነው። ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ተባለና ምክትሉ መሣሪያ ክፍሉን ሊያይ ገባ። የካርታዎቹ መላላጥ አሳፈረው።

«ይቀቡ» አለ።

«አለቃ፣ ካርታ ቀለም አይቀባም። ዘይት ነው የሚነካው፣ እሱም ትንሽ» አለችው።

«ውጪውን ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ነገር ማክበድ ትወጃለሽ።»

ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው አንቺ የሚላት፤ እሷ እርስዎ ትለዋለች። የግቢውን በር የሚቀባው ቀለም ቀቢ ተጠራ። እሱ ምን ያውቃል፤ ሥራው በር ነው። እሷ ምሳ በወጣችበት ሰባ ሁለቱንም ካርታ አፍ አፋቸውን እየያዘ የጥቁር ቀለም ጣሳ ውስጥ ነክሮ እንደ ታጠበ ካልሲ ሽቦ ላይ ሰቀላቸው። ስትመለስ ውስጣቸውም እንደ ውጪያቸው ጠቁሯል። ጮኸች። ውስጡ ሳይፋቅ አይሆንም፣ ለዚህም ሳምንት ያስፈልገኛል አለች። ምክትሉ «ጎብኚዎቹ ነገ ነው የሚመጡት» አለና «ለአገልግሎት ዝግጁ» የሚለውን ወረቀት አስጠጋላት። ሞከረቻቸው፤ በዚያ ብርድ ቀለሙ እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ ጥይቱም ይሄዳል። ፈረመች። ጎብኚዎቹ መጡ፣ አማሩ አሉ፣ ሄዱ። ቀስ ብዬ እፍቃቸዋለሁ ብላ ነበር፤ ሥራ ተደራረበ፣ ችግርም አልታየ፣ ተወችው።

ከረጅሙ ቤት እስከ ራሷ ቤት መንገዱን ሙሉ ምክትሉን ስትሰድብ ሄደች። ስድቡ ሲያልቅባት ወደ ራሷ ዞረች።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ካርታውን ወስዳ የግቢው በር ዘበኛ ጎጆ ቆርቆሮ ላይ፣ ፀሐይ አስመታችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጨርቅ ይዛ አነሳችውና ስምንት የመለማመጃ ጥይት ሞላችበት። አንደኛውን ጎረሰ። ሁለተኛውን ብትስብ የላይኛው ብረት ባዶውን ተዘጋ። ወደ ካርታው አፍ አጎንብሳ አየች፤ ጥይቶቹ ዝቅ ብለው ቀርተዋል፤ ሞላው ከሥር ይገፋል፣ የለሰለሰው ቀለም ግን እንደ ማስቲካ ይዞታል። ቀዝቃዛው ክፍል መልሳ ሩብ ሰዓት ብታቆየው ምንም እንዳልነበረ ስምንቱንም ጎረሰ። ከመሳቢያዋ ያልተቀባ አሮጌ ካርታ አውጥታ እዚያው ቆርቆሮ ላይ አሞቀችው፤ አንድም ጥይት አልተደናቀፈበትም።

ስለዚህ ረቡዕ አርባ ጥይት የጎረሰው ክፍሏ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነበር። በረጅሙ ላይ ሹራብ ለብሳ ልትፈርድበት ነበር ማለት ነው።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ያን ቀን አመሻሽ ላይ የስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችው። ክሩን በጥርሱ በጠሰና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«ዝግጁ ነው ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ብትናገሪ አንቺንም ይዞሽ ይወርዳል።»

«አውቃለሁ። ምን ላድርግ ብዬ አይደለም የምነግርህ፤ ንዴቴ እንዲወጣልኝ ነው።»

«እንግዲህ እኔ የጨርቅ ሰው ነኝ» አለ ባሏ። «አጥፍቼ የሰፋሁትን ፈትቼ እሰፋለሁ እንጂ ደንበኛዬን ወፍረሽ ነው ብዬ አልሸኛትም።»

«ባለፈው ለዚያች መምህርት ብለሃታል።»

«እሷ እኮ እውነትም ወፍራ ነበር!»

ሞረድ ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ እንባዋ መጣና በቁርጥራጭ ጨርቅ ዓይኗን ጠረገች።

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው የተሰበሰበው የአየር ማራገቢያ በሚሽከረከርበት የምክትሉ ቢሮ ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ምክትሉ ሰብሳቢ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋና የትራንስፖርት ኃላፊው። ረጅሙ ጥግ ላይ፣ ሁለቱ ጉልበቶቹ ተጋጥመው ተቀምጧል። ያን ጥቁር እድፍ ያለበትን ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው፤ ሌላ የሥራ ሸሚዝ አልነበረውም።

«የምርመራ ውጤትሽን አንብቢ» አለ ምክትሉ።

«አለቃ፣ አይነበብም፤ ይታያል። ካርታው ውጪ ነው ያለው።»

«ውጪ የት?»

«መኪናዎ ላይ።»

እውነቷን ነው። ጥቁሩ የምክትሉ መኪና ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሞረድ ካርታውን የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀምጣ የግቢውን በር ዘበኛ አጠገቡ አቁማ ገብታለች። ምክትሉ «ስብሰባ ላይ ነን፣ ይህ ቀልድ ነው» ማለት ሲጀምር የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች። «መቀመጡ ከሆነ ስንቀመጥ ነው የኖርነው፤ እስቲ እንይ» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ሞረድ ካርታውን ከመኪናው ላይ አንስታ፣ ሽጉጡን ወደ አሸዋው በርሜል አዙራ ያዘች። የመለማመጃ ጥይቶቹን ራሱ የትራንስፖርት ኃላፊው ቆጥሮ ሞላ። ሳበች፤ አንደኛውን ጎረሰ። ሳበች፤ ባዶ። ቃታውን ሳበች፤ ቀጭ።

ከኋላቸው የቆመው ረጅሙ ይህን ድምፅ ሲሰማ ደነገጠ።

ሞረድ ካርታውን አወጣችና ማኅተሙን ፊታቸው ቀደደች። ሞላውን መዝዛ ጣቷን ወደ ውስጥ ከተተችው። ጣቷ ጥቁር ሆኖ፣ ክር እየጎተተ ወጣ። ወስዳ ከረጅሙ የደረት ኪስ እድፍ አጠገብ አስጠጋችው።

«ይሄ ቀለም ነው። ሰባ ሁለት ካርታ ውስጥ አለ። ከማኅተሙ ሥር ነው ያለው፤ ዘበኛ ደግሞ ማኅተም መቅደድ ክልክል ነው ብላችኋል። እንዴት አድርጎ ያጽዳው? በጸሎት?»

መጀመሪያ የነቃው ምክትሉ ነው። «እነዚህን ካርታዎች ለአገልግሎት ዝግጁ ናቸው ብሎ የፈረመው ማነው?» አለ፤ መልሱን እያወቀ፣ በጣፈጠው አንደበቱ።

ሞረድ ይህን ጥያቄ ከሐሙስ ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር።

«ያዘዝክ አንተ፤ የፈረምኩ እኔ» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «አይሆንም ብዬህ ነበር፤ ከዚያ ግን ፈረምኩ። ይሄ የሁለታችን ነው፤ እኩል ተካፍለን እንውሰደው። ረጅሙ ግን ምን አደረገ?»

ሰኞ ሁለት ደብዳቤ ወጣ። የረጅሙ «ጥፋተኛ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ባለመገኘቱ» ወደ ሥራው እንዲመለስ ይላል። ጥፋት የለበትም አይልም፤ ማስረጃ አልተገኘም ነው የሚለው፤ ፈልገን አጣን እንጂ ልብህን እናውቀዋለን ለማለት ያህል። የሞረድ ደብዳቤ ደግሞ ረጅሙን ሊያባርሩ ያዘጋጁትን ቃል ምንም ሳያባክን ተጠቅሞበታል፦ «በመሣሪያ ጠጋኟ ቸልተኝነት ምክንያት።» ከመሣሪያ ክፍሉ ተነስታ ወደ ጽዳት እንድትመለስ፣ ቁልፉንም በዕለቱ እንድታስረክብ ያዝዛል። ሁለተኛ ጥፋትም ተጨምሮባታል፤ የምክትሉ መኪና ክዳን ላይ የካርታ ቅርጽ ያለው የማይለቅ ጥቁር ምልክት ትታለች። የምክትሉ ስም በየትኛውም ደብዳቤ ላይ የለም፤ ከታች ፈርሞ ከመገኘቱ በቀር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ሞረድ ደብዳቤውን አነበበችና አጥፋ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ለመጣው መልእክተኛ «ቁልፉን የምሰጠው ካርታዎቹ ሲያልቁ ነው በላቸው» አለችው።

ሊያስወጧት የመጣ ግን አልነበረም፤ ከዘበኞቹ መካከል በዚያች በር ገብቶ እሷን የሚጎትት አልተገኘማ። ሦስት ቀን ፈቀች። ቀጭን የእንጨት ቢላ ሠርታ፣ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ እየጠቀለለች፣ ሞላ እየመዘዘች፣ እየፋቀች፣ እያደረቀች። ዘበኞቹ በየፈረቃቸው ካርታቸውን በፍርግርጉ ያቀብሏታል፤ ማንም ብዙ አይናገርም። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሰባ ሁለተኛው አለቀ። ከዚያ መዝገቡን ከፈተችና ለረጅም ጊዜ ጻፈች።

ረጅሙ የመጣው መዝገቡን ልትዘጋው ስትል ነው። ክንዱ ገና በጨርቅ እንደታሰረ ነው። በፍርግርጉ በኩል ደብዳቤውን አሳያት።

«እህት ዓለም፣ አንቺን አስወጥቼ እኔ ልግባ? እንዴት ብዬ?»

«በእግርህ ነዋ፤ ይልቅ ደብዳቤውን ምን አስያዘህ?»

«ልጠይቅሽ ብዬ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማስረጃ አልተገኘም ነው እኮ የሚለው። እጄ ደህና ነበር አይልም።»

ሞረድ ብዕሯን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ያን ቀን ቃታውን ስትስበው ምን አለ?»

«ቀጭ አለ።»

«ደግመህ ስትስበውስ?»

«ቀጭ።»

«ቃታው እስከ መጨረሻው ካልተሳበ ቀጭ አይልም። እጅህ ያዘዝከውን ሁለቴ አድርጎልሃል።»

ረጅሙ ጣቶቹን አያቸው። ረግተው ነበር።

«ይሄን ግን አንቺ ነሽ የምትይው» አለ በመጨረሻ። «የተጻፈ አይደለም።»

ሞረድ መዝገቡን ወደ ፍርግርጉ አስጠጋችና አነበበችለት። «ካርታ ቁጥር አርባ ሰባት። የብልሽቱ ምክንያት፦ ውስጡ ቀለም ተቀብቶ በሙቀት መጣበቁ። እንዲቀባ ያዘዘው ምክትል ሥራ አስኪያጁ። ሳትፍቅ ዝግጁ ነው ብላ የፈረመችው የመሣሪያ ጠጋኟ። የዘበኛው ሽጉጥ ንጹሕ ነበር፤ ቃታውን ሁለት ጊዜ በሚገባ ስቧል። ጥፋት የለበትም።» ከሥሩ ፊርማዋ አለ። የመዝገቡ ገጾች ሁሉ ቁጥር አላቸው፤ አንዱን የቀደደ ይታወቅበታል።

«እስቲ ከሽጉጡ ጀምረሽ ድገሚልኝ» አለ ረጅሙ።

ደገመችለት። ሦስተኛ ሲጠይቃትም አልተቆጣችም።